ንጉሥ ሬድዋልድ በኖርስቦሪ

ቀዩ መስመር የሚባለው የከተማ ባቡር ከሰፈራችን ከኖርስቦሪ ሲነሣ አራታችንም አንድ ጥግ ተሰብስበን ነበር፤ አራተኛ ያልኩት ሕፃኑን ልጄን፣ አቡሽን ነው። እሱን በነጠላዬ ሸፍኜ አጠባለሁ። ባሌ ይግዛው የሕፃኑን ጋሪ በጉልበቱ ደግፎ በመስኮት ያያል። ጋሽ ንጋቱ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው የትናንት ጋዜጣ ዘርግተዋል። ስዊድንኛው እንደማይገባቸው አውቃለሁ፤ ጋዜጣ የያዘን ሰው ማንም አያየውም ብለው ነው። በፈረንጅ ሁለት ሺህ አምስት፣ ጥቅምት እየተገባደደ፣ እሑድ ማለዳ። አርባ ቀን ቤት የከረምኩ አራስ ስለሆንኩ ያቺው የጥቅምት ጭላንጭል እንኳ ዓይኔን ትወጋኝ ነበር። የምንሄደው ልጄን ክርስትና ልናስነሣ ነው።

ክርስትናውን የሚያነሣው የይግዛው ጓደኛ ሮቢ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሰው የማያውቀው ከቤተ ክርስቲያን ከወጣን በኋላ የሚሆነውን ነው። ሮቢ ጋሽ ንጋቱን በመኪናው ጭኖ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ሊያደርሳቸው ከባሌ ጋር ተስማምተዋል። "እጃቸውን ቢሰጡ ለሳቸውም ይሻላቸዋል" ነው የተባለው። እጃቸውን ከሰጡ ብዙም ሳይቆይ አውሮፕላን ላይ ናቸው፤ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ቦሌ ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ እንደሳቸው ያለ ስሙ የተመዘገበ አስተማሪ ቦሌ ላይ ማን እንደሚቀበለው ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸው ብቻ ምንም ሳያውቁ የሄዱ መስሎኝ ነበር።

ሰውየው ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። ጋሽ ንጋቱ ባሌን ደሴ ላይ ታሪክ ያስተማሩት ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ተማሪ የጠየቃቸውን ጥያቄ መልሰው ታሰሩ። ሲፈቱ እንደገና መለሱ፤ "ጥያቄ የማይመልስ ምኑን አስተማሪ ሆነ" ይላሉ። ከዚያ በኋላ አገሩ አላስቀምጥ አላቸው። ስዊድን ገብተው ጥገኝነት ጠየቁ፣ ተከለከሉ፤ ይግባኝ አሉ፣ ተከለከሉ። "ከአገር ይውጡ" ሲባሉ ጠፉ። እዚህ አገር እንዲህ ያለውን ሰው "የተደበቀ" ይሉታል። በዚያ ዘመን የተደበቀ ያልነበረበት የአበሻ ሰፈር የለም፤ ዩልስታም ብትሄዱ፣ አልቢም ብትሄዱ አንድ ሶፋ ላይ አንድ ሰው ይተኛ ነበር።

ይግዛው ያገኛቸው ከዚያ በፊት በነበረው የፈረንጅ ክረምት ከቅዳሴ በኋላ ነው። በረዶ ላይ በክፍት ጫማ ቆመዋል። መጀመሪያ ያወቃቸው በድምፃቸው ነው፤ ለአንዲት ሴት ዕቃዋን ሲያነሡላት "አይዞሽ የኔ ልጅ" ሲሉ ሰማ። ሰው ባለበት ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ሳመ። "እኔ በሕይወት እያለሁ የቀለም አባቴ ሰው ቤት አያድሩም" ብሎ በዚያው ዕለት ይዟቸው መጣ። አቤት ያን ቀን ባሌን እንዴት እንደወደድኩት። ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረች፤ እሷም ከሌላ ተከራይ ላይ የተከራየናት። ሶፋውን ሰጠናቸው። እሱ አውቶቡስ ይነዳል፣ እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሽማግሌዎችን ገላቸውን አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ማታ ሦስታችን በዚያች ጠባብ ማዕድ ቤት ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን ስንበላ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ሄሰልቢ ነው የምንኖረው፤ ቤታችን ሰፊ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ያቺን ማዕድ ቤት እናፍቃታለሁ። ሰው አራስነቱን ይናፍቃል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር፤ እኔ ግን ከዕድሜዬ ሁሉ መርጠሽ አንዱን ድገሚ ብባል ያንን አርባ ቀን እደግመዋለሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ስወልድ እናቴ ጉለሌ ናት፤ ቪዛ ከለከሏት። እህት የለኝ፣ አክስት የለኝ። ከሆስፒታል ስንገባ ጋሽ ንጋቱ በሩን ከፍተው "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሉኝና ወደ ማዕድ ቤት ተመለሱ። ትንሽ ቆይቶ የገብስ ገንፎ ሽታ መጣ። አምሳ ዓመት ያለፋቸው የታሪክ መምህር፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ድስቱን በሁለት ጉልበታቸው መሃል አጥብቀው ያገነፋሉ። ማማሰያው የት እንደተገኘ ስጠይቅ የመጥረጊያ እጀታ ቆርጠው፣ ልጠው፣ ቀቅለው የሠሩት ነው።

"ጋሼ፣ ወንድ አራስ ቤት ይገባል እንዴ?" አልኳቸው።

"የከተማው ሕግ አትግባ ብሎኛል፣ የአገሩ ሕግ አትግባ ብሎኛል፤ አንቺ ሦስተኛ ሆነሽ ልትጨመሪ ነው?" አሉኝ።

መሃሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤና በርበሬ ሞልተው አቀረቡልኝ። እናቴ በስልክ "ማን አገነፋልሽ?" ስትለኝ "የይግዛው አስተማሪ" አልኳት። "እግዜር ሰው አያሳጣሽ" ብላ አለቀሰች።

ቀን ቀን ጋሽ ንጋቱ ወደ ከተማ ብቅ ይሉ ነበር። በዚያ ዓመት የመንግሥት ሙዚየሞች መግቢያቸው በነፃ ሆኖ ነበር። ይሞቃል፣ መቀመጫ አለ፣ ወረቀት አምጣ የሚል የለም። አንድ ቀን ከታሪክ ሙዚየሙ ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። እዚሁ ስዊድን፣ ኡፕላንድ ከሚባል አውራጃ መቃብር የወጣ የጥንት ጦረኛ የራስ ቁር አይተው ነው።

"ያለም፣ ያ የራስ ቁር ዘመድ አለው" አሉኝ ድስቱን እየጣዱ። "ዘመዱ የተገኘው እንግሊዝ አገር ነው፣ አንድ ሰው ከነመርከቡ በተቀበረበት ጉብታ ውስጥ። ሰውየው ንጉሥ ሬድዋልድ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እርግጡን የሚያውቅ የለም። እኔ በተማሪነቴ ስለዚህ ንጉሥ ብዙ ገጽ ጽፌያለሁ።"

"ደሴ ተቀምጠው ስለ እንግሊዝ ንጉሥ?"

"ለምን መሰለሽ፤ እንግዳ ስላስጠጋ ነው።"

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ገንፎው በተጣደ ቁጥር ንጉሡ ይመጣል። ጋሽ ንጋቱ የሚያወሩት ትናንት ከቤተ መንግሥቱ እንደወጡ ሆነው ነው። እልፍኝ አስከልካዩ እንዲህ አለ፣ አጋፋሪው እንዲህ አደረገ ይላሉ። "ጋሼ፣ ፈረንጅ አጋፋሪ ነበረው?" ብላቸው "ደጅ ያለው ሁሉ ደጅ የሚጠብቅ አለው፤ ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁለት" ይሉኛል።

ሬድዋልድ በፈረንጅ በስድስት መቶዎቹ መጀመሪያ፣ እንግሊዝ ውስጥ የምሥራቅ አንግልያ ንጉሥ ነበር። ሌላ ንጉሥ አገር ሄዶ ክርስትና ተነሣ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ሚስቱና አማካሪዎቹ "የአባቶችህን አምላክ እንዴት ትጥላለህ?" ብለው ያዙት። እሱም ማንንም ላለማስቀየም በአንድ መቅደስ ውስጥ ሁለት መሠዊያ አቆመ፤ አንዱ ለክርስቶስ፣ አንዱ ለጣዖቱ።

"ይኼማ የእኛ ሰፈር ሰው ነው" አልኩ። "ጠዋት ሥላሴ ተሳልሞ ማታ ጠንቋይ ቤት የሚገባ።"

"አትፍረጂበት" አሉ። "ፈሪ ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም። ፈሪ ሰው ሁለት በር ይወዳል።"

ከዚያ ኤድዊን መጣ። ኤድዊን የመሳፍንት ልጅ ነው። ወንበሩን የሰሜኑ ንጉሥ ቀምቶት፣ ሊገድለው አገር ለአገር ያሳድደዋል። ያላንኳኳው በር የለም። በመጨረሻ ሬድዋልድ ደጅ ደረሰና "አስጠጋኝ" አለ። ሬድዋልድም "ግባ፤ እኔ እያለሁ ማንም አይነካህም" ብሎ ቃል ሰጠው። ብዙም ሳይቆይ የሰሜኑ ንጉሥ መልእክተኛ ብር ይዞ መጣ፤ "ገድለህ ሬሳውን ስጠኝ" አለ። ሬድዋልድ እምቢ አለ። ደግሞ ላከ። እምቢ አለ። በሦስተኛው ግን ብሩ በዛ፣ በላዩም ጦርነት ተጨመረበት። ሬድዋልድ እሺ አለ።

"እሺ አለ?" አልኩ ማንኪያዬን አስቀምጬ።

"እሺ አለ። የኤድዊን ወዳጅ የሆነ አንድ ባለሟል ይህንን ሰምቶ ወጣና ‘ንጉሡ ሊሰጥህ ነው፤ ተነሥ፣ አሁኑኑ ላውጣህ’ አለው። ኤድዊን ምን አለ መሰለሽ? ‘ቃል ሰጥቶኛል፣ እኔም ቃሉን አምኜ ገብቻለሁ፤ እስካሁን ክፉ አላደረገብኝም። ከመሞት ላልቀር፣ ሌላ ሰው ከሚገድለኝ እሱ ይግደለኝ። ደግሞስ ወዴት እሄዳለሁ? አገሩን ሁሉ ዞሬ ጨርሻለሁ’ አለ። ከዚያ ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ድንጋይ ላይ ለብቻው ቁጭ አለ።"

ማማሰያው ቆመ። ጋሽ ንጋቱ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። "እንፋሎቱ ነው" አሉ። እኔም እንፋሎቱ ነው አልኩ። ስለማን እንደሚያወሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ንግሥቲቱ አለች። ያቺው ስለ ጣዖቱ የተቆጣችው። ንጉሡ ምሥጢሩን ነገራት። እሷም ‘አንተን የሚያህል ንጉሥ የተጨነቀ ወዳጁን በወርቅ አይሸጥም፤ ክብርህ ከጌጥህ ሁሉ ይበልጣል፤ እሱን ለገንዘብ አትጣለው’ አለችው። ንጉሡ አፈረ። መልእክተኞቹን ባዶ እጃቸውን ሸኘና ክተት አወጀ። ወንዝ ዳር ገጠማቸው፤ የሰሜኑ ንጉሥ እዚያው ወደቀ፤ ኤድዊንም ወንበሩን አገኘ።"

"ሴት የላከው ሞት አይፈራም" አልኩ። "ስሟ ማን ይባላል?"

"አልጻፉትም።"

"ባሏን ሰው ያደረገችውን ሴት ስሟን ሳይጽፉ?"

"ታሪኩን ከመቶ ዓመት በኋላ የጻፈው መነኩሴ ነው፤ ሴት አላስታወሰም ይሆናል" አሉና ሳቁ። "የሚገርምሽ ግን፣ በዚያው ሰሞን ባሕር ተሻግረው አክሱም የገቡ ስደተኞችን ‘መልስልን’ ብለው ጌቶቻቸው እጅ መንሻ ይዘው የእኛ ንጉሥ ፊት ቀርበው ነበር ይባላል። ‘የተራራ ወርቅ ብትሰጡኝ እንግዶቼን አልሰጥም’ አለ ይባላል። እኛ ወሎዎች ክርስቲያኑም እስላሙም ስናወራው ነው ያደግነው። ሁለቱ ነገሥታት በአንድ ዘመን ኖረው አንዳቸው ስለ ሌላው ሳይሰሙ ሞቱ። እኔ ነኝ ያስተዋወቅኋቸው።"

እዚህ ላይ ታሪኩን አቆሙት። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ክርስትናው ሦስት ቀን ሲቀረው ይግዛው ከሥራ ገባ። የሹፌር ጃኬቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ንጋቱ ከሙዚየም አልተመለሱም።

"ያለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትጮሂ" አለ።

የሮቢን ዕቅድ ነገረኝ። አልጮህኩም። "ይኼን ያሰበው ሮቢ ነው ወይስ አንተ?" አልኩት።

"ሮቢ አመጣው፣ እኔ እሺ አልኩ። የዜግነት ማመልከቻዬ ያው እሳቸውን የከለከለው ቢሮ ነው ያለው። አንድ ቀን ፖሊሶች በሩን ቢያንኳኩ እኔ አለቀልኝ፤ እማዬን ማምጣት አለቀልኝ። ቤቱን ያከራየንም ሰውዬ ደጋግሞ እየደወለ ስንት ሰው ነው እዚያ ያለው ይለኛል። በዚህ ብርድ ከሕፃን ጋር ውጡ ቢለን የት እንገባለን?"

"ሕጉ ሊሻሻል ነው እየተባለ ነው። የስዊድኖቹ ቄሶች ሁሉ ለተደበቁት ይፈቀድላቸው ብለው ፈርመዋል፣ ፓርላማው እየተነጋገረበት ነው። ጥቂት ሳምንት ብንታገሥ?"

"እየተባለ ነው፣ እየተባለ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ እየተባለ ነው።"

"ይግዛው፣ የቀለም አባትህ ናቸው። ጉልበታቸውን ስመህ ያመጣሃቸው አንተ ነህ።"

"ያኔ ልጅ አልነበረኝም" አለ።

ያን ጊዜ የንግሥቲቱን ቃል እንዳለ ነገርኩት። ስለ ወዳጅ፣ ስለ ጌጥ፣ ስለ ክብር። ሁሉንም አዳመጠኝና በድካም ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። "ያለም፣ እኔ ንጉሥ አይደለሁም፤ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ" አለኝ። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። ፈርቶ ነው፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ጡቴ እስኪደርቅ ድረስ አለቀስኩ።

ሲያለቅሱ ግን ይታሰባል። በቃል የማይያዝ ሰው በምን ይያዛል ስል አሰብኩ። እኛ ዘንድ ከሥጋ ዘመድ የሚበልጥ ነገር አለ፤ አበልጅ ነው። ልጅህን ከጥምቀት ውኃ ከተቀበለ ሰው ጋር አትጋባም፣ አትካሰስም፣ አትካካድም። ወንድሙን ፍርድ ቤት ያቆመ ሰው ሞልቷል፤ አበልጁን ያቆመ ግን ስሙ ከሰፈር ይጠፋል። የይግዛው እናት ከአበልጃቸው ጋር ተጣልተው እንኳ በዓመት በዓል ድፎ ይልካሉ። ይኼን እያሰብኩ ዕንባዬን ጠረግሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ቤተ ክርስቲያኑ ከስዊድኖች የተዋስነው ነው። እነሱ ከረፋዱ ስለሚገቡ እኛ በጊዜ ጨርሰን መውጣት አለብን፤ ስለዚህ ቄሱ አባ ጳውሎስ ሁልጊዜ አንድ ዓይናቸው የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። የጥምቀቱ ውኃ በሰማያዊ የፕላስቲክ ገንዳ ተቀድቶ ተቀምጧል፤ ሙቅ ውኃ ጨምሩበት እያሉ እናቶች ይጨቃጨቃሉ። ሮቢ የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ነጠላ ጣል አድርጎ፣ የመኪና ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ቆሟል። ሮቢንም ክፉ አልለውም። ሰው ይረዳል፤ የሚረዳውን ሰው ስሜት ግን አይጠይቅም።

"ሕፃኑን የሚያነሣው ይቅረብ" አሉ አባ ጳውሎስ።

ሮቢ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። እኔ በአጠገቡ አለፍኩ። ጋሽ ንጋቱ ከኋላ ምሰሶ ተጠግተው ቆመዋል። ፊታቸው ቆምኩና ልጄን ክንዳቸው ላይ አስቀመጥኩት።

"ጋሽ ንጋቱ፣ ይቀበሉኝ።"

"ያለም፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ልጄን እያስያዝኩዎት ነው።"

ሮቢ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። አባ ጳውሎስ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ሰዓቱ አዩ፣ ከዚያ ወደ ይግዛው ዞሩ። "አባትየው፣ በዚህ ተስማምታችኋል?"

የባሌን ፊት እንደዚያን ቀን አይቼው አላውቅም። ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ። በቤተ እግዚአብሔር፣ በሰው ፊት፣ ሕፃን ከሽማግሌ ክንድ አይነጠቅም። እኔም ይህንን አውቄ ነው ያደረግሁት፤ ከባሌ ጋር እንዲህ ያለ ጨዋታ ተጫውቼ አላውቅም ነበር። "አዎን አባ" አለ ወለሉን እያየ።

ጋሽ ንጋቱ ወደ ምዕራብ ዞረው ስለ ልጁ ሰይጣንን ካዱ። ወደ ምሥራቅ ዞረው አመኑ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩ ጠንካራ ነበር። ልጁን ከውኃው ተቀብለው ሲያቅፉት ካፖርታቸው ረጠበ። ማተቡ ታሰረለት፤ የክርስትና ስሙ ወልደማርያም ተባለ። እናቶቹ እልል አሉ።

ውጭ ሮቢ መኪናውን አስነሥቶ ጠበቀን። "ይግዛው፣ እኔን በሰው ፊት ማዋረዱስ ይቅር" አለ በመስኮቱ። "ንገረኝ፣ ልውሰዳቸው ወይስ አልውሰዳቸው?"

"ዛሬ አይሆንም" አለ ይግዛው።

"እንግዲያው ነገ እመጣለሁ" አለና ሄደ። ባሌ ነገም አትምጣ አላለውም። ጋሽ ንጋቱ ልጁን እንዳቀፉ በአጠገባችን ቆመው ነበር።

ስንመለስ ባቡሩ ባዶ ነበር። ይግዛው ከእኛ ተለይቶ ከመተላለፊያው ማዶ ተቀመጠ፤ ጋሪውን ይዞ፣ ጀርባውን ግማሽ ሰጥቶን። ከጋብቻችን ጀምሮ ባቡር ላይ ተለያይተን ስንቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ሊሊየሆልመን ጣቢያን ስናልፍ ለወሬ ያህል ጋሽ ንጋቱን ጠየቅሁ።

"ጋሼ፣ ያ ንጉሥ ካሸነፈ በኋላ ምን ሆነ?"

የልጁን ማተብ በጣታቸው አስተካከሉ።

"ያልነገርኩሽ ነገር አለ" አሉ። "በዚያ ጦርነት የንጉሡ ልጅ ሞተ። ሬገንሄር ይባል ነበር። ሠራዊቱን ይዞ ገብቶ እዚያው ወንዝ ዳር ቀረ። ሬድዋልድ እንግዳውን አዳነ፣ ልጁን ቀበረ።"

ልጄን አየሁት። በእሳቸው ደረት ላይ ተኝቷል። ተናደድኩ። "ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ ኖሮ ልጅሽን ታስታቅፊኝ ነበር?"

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

"ሁሉንም አውቃለሁ" አሉ ዝግ ብለው። "ቤቱ ጠባብ ነው፣ ይግዛውም በስልክ ሲያወራ ድምፁ ትልቅ ነው። ክፍል ውስጥም እንደዚሁ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስወጣ ሮቢ እንደሚወስደኝ አውቄ ነው የወጣሁት።"

"አውቀው? ታዲያ ለምን ቀደም ብለው አልሄዱም?"

"የት?" አሉኝ።

ባቡሩ ሴትራን አለፈ። ጋሽ ንጋቱ ልጁን በጥንቃቄ አንሥተው ግንባሩን ሳሙና መልሰው ክንዴ ላይ አስቀመጡት። "አንቺ የሚገባሽን አድርገሻል፤ ንግሥቲቱም ከዚህ በላይ አላደረገችም። እኔ ግን የዚህ ልጅ ዕዳ አልሆንም። የሚቀጥለው ጣቢያ፣ ሻርሆልመን ላይ እወርዳለሁ። ለይግዛው አልተቀየምኩህም በይልኝ" አሉ።

"ልብስዎ ቤት ነው፤ ካፖርትዎ ርጥብ ነው" አልኩ። ባቡሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። የድምፅ ማጉያው የጣቢያውን ስም ጠራ። ጋሽ ንጋቱ ባርኔጣቸውን አድርገው ተነሡ። በሩ ተከፈተ፤ የውጭው ብርድ እግሬ ድረስ ገባ።

የሕፃኑ ጋሪ መተላለፊያው ላይ በወርዱ ቆመ። ይግዛው ነው የገፋው። ከወንበሩ ተነሥቶ የጋሪውን እጀታ በሁለት እጁ ይዟል። ለካ ጀርባውን ሰጥቶን ሁሉንም ሲሰማ ነበር።

"አበልጅ፣ ይቀመጡ" አለ።

በዚህ ስም ሲጠራቸው የመጀመሪያው ነው። ጋሽ ንጋቱ በሩን አዩ፣ እሱን አዩ። "ይግዛው ልጄ፣ የኔ ነገር ላንተ..."

"እናቴ ነገ ትደውላለች። ልጅህን ማን አነሣው ትለኛለች። ሻርሆልመን ጣቢያ ላይ አወረድኩት ልበላት?" ድምፁ ተሰበረ፤ ዕንባው የሹፌር ጃኬቱ ላይ ወረደ፣ አልጠረገውም። "እኔ ጦር የለኝም። ያለኝ አንድ ሶፋ ነው። ቢያስወጡን አብረን እንወጣለን። ለሮቢም ዛሬውኑ ደውዬ አትምጣ እለዋለሁ። ይቀመጡ።"

በሩ ተዘጋ። ባቡሩ ሲነሣ ጋሽ ንጋቱ ተንገዳገዱና ባሌ ክንዳቸውን ይዞ አስቀመጣቸው፤ እሱም አጠገባቸው ተቀመጠ። እኔም ስለ ሬገንሄር እያወቅሁ ልጄን መልሼ አስታቀፍኳቸው።